የእድሩ ሦስት ሰዎች የት ገቡ?

«ሦስት ሰው ጠፍቶብኛል» አሉኝ የእድራችን ጸሐፊ በስልክ። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቡናው ገና እየተቆላ። ሰው ጠፋ ሲባል መቼም ልብ ክው ይላል። «ማን ነው ጋሼ? ከየት ነው የጠፋው?» ስላቸው፣ «ከኮምፒውተሩ ነዋ! አንተ ከሠራኸው!» አሉኝ። ያን ጊዜ ለጠፉት ማዘኔን ትቼ ለራሴ ማዘን ጀመርኩ።

ለሰፈራችን እድር የአባላት መመዝገቢያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ክፍያው ምስጋናና ለአንድ ዓመት ከድንኳን ተከላ ተራ ነፃ መሆን ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም፤ አባሉ ይመዘገባል፣ በሥሩ ያሉት ቤተሰቦቹ በዝርዝር ይገባሉ፣ አለቀ። ግን እድር ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ክፉ ቀን የመጣ ዕለት «መዝገባችን ላይ የሉም» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቅጭቅ ከሐዘኑ ይብሳል። ስለዚህ ሦስት ሰው ጠፋ ማለት ቀልድ አይደለም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰባት ቤተሰብ ያስመዘገቡ አንድ አባል ይመጡና «ልጄን ድሬያለሁ፤ ከእንግዲህ በባሏ እድር ናት፣ ስሟን አንሱልኝ» ይላሉ። ጸሐፊው ፎርሙን ከፍተው፣ አራተኛው መስመር ላይ ካለችው ሙሽራ አጠገብ «ሰርዝ» የሚለውን ተጫኑ፤ ከታች «አስቀምጥ» አሉ። መልሰው ሲከፍቱት የቀረው ሦስት ሰው ብቻ ነው። ከሰባት አንድ ሲቀነስ ስድስት እንደሚሆን እሳቸው እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ያውቃሉ። «እሷን ብሰርዝ ሦስት ታናናሾቿ ተከትለዋት ሄዱ» አሉኝ። «ሚዜ መሆናቸው ነው?»

ላፕቶፔን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ በመንገዴ ላይ ጥፋቱን በልቤ ለእሳቸው ሰጥቼ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጭነው ይሆናል፣ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ይሆናል፣ መብራት ሄዶ ይሆናል እያልኩ። ፕሮግራመር ሲባል መቼም ጥፋቱን መጀመሪያ ለመብራት ኃይል ነው የሚሰጠው። ደሞም እኮ ሞክሬዋለሁ! ከማስረከቤ በፊት ስንት ጊዜ ሰው ጨምሬ ሰርዣለሁ። ኋላ ሳስበው ግን ስሞክር የሰረዝኩት ሁልጊዜ የመጨረሻውን መስመር ነበር። ስምንተኛ ሰው እጨምራለሁ፣ ያንኑ ስምንተኛ እሰርዛለሁ። ከመሐል ሰርዤ አላውቅም። ሰው ግን በተመዘገበበት ተራ አይዳርም።

እሳቸው ቤት ቁጭ ብዬ ያደረግኩትን በዝርዝር ልንገራችሁ። ብራውዘሩ ላይ ኤፍ 12 ተጫንኩ፤ ከሥር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለውን ከፍቼ፣ ሌላ ባለ ሰባት ቤተሰብ መዝገብ ላይ አራተኛውን ሰርዤ «አስቀምጥ» አልኩ። ወደ ሰርቨሩ የሄደው ጥያቄ ብቅ አለ። ከፍቼ የተላከውን ዳታ ሳይ ስድስቱም ሰዎች አሉ፣ ከነስማቸው፣ ከነዕድሜያቸው። ብራውዘሩ ከደሙ ንጹሕ ነው። ቀጥዬ ሰርቨሩ ላይ፣ ዳታውን የሚቀበለው የመጀመሪያው የኮድ መስመር ላይ፣ ፕሮግራሙን አስቆምኩትና ሊስቱን ቆጠርኩ። ሦስት። ዳታቤዙ ገና አልተነካም፣ የእኔ ኮድ ገና አንድ መስመር አልሠራም፤ ሰዎቹ ግን ከወዲሁ የሉም። ስለዚህ የጠፉት በሁለቱ መሐል፣ በር ላይ ነው።

በሩ ላይ ምን አለ? እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፣ የነገሩ ጣዕም እዚህ ነውና። ብራውዘር ፎርም ሲልክ ሊስት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚልከው ስምና ዋጋ፣ ስምና ዋጋ እየተደረገ የተቀጣጠለ አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሊስት ያስመሰለው ስሙ ብቻ ነው፤ «ቤተሰብ[0]»፣ «ቤተሰብ[1]»፣ «ቤተሰብ[2]» እያልን በቅንፍ ቁጥር ስለሰጠነው። ያንን ጽሑፍ ተቀብሎ እንደገና ሊስት አድርጎ የሚሰፋው ሰርቨሩ ላይ ያለ ክፍል ነው፤ እኔ በሠራሁበት በኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ውስጥ ሞዴል ባይንደር ይባላል። ባይንደሩ ስንት ሰው እንደተላከ የነገረው የለም። ስለዚህ ስም ይጠራል። «ዜሮ?» አቤት። «አንድ?» አቤት። «ሁለት?» አቤት። «ሦስት?» ዝምታ። «በቃ አለቀ» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። አራት፣ አምስትና ስድስት ከኋላ እጃቸውን እንዳወጡ ቀሩ።

ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምራልና የሙሽራዋ ቁጥር ሦስት ነበር። እሷ ከገጹ ላይ ስትነሣ ቦታዋ ክፍት ሆነ፤ ከኋላዋ ያሉት በነበሩበት ቁጥር ቆዩ። ባይንደሩ ክፍተቱን እንደ ሊስቱ መጨረሻ ቆጠረው። ሞኝ አትበሉት፤ ከሦስት በኋላ መቶ ይኑር ሺህ ይኑር በምን ያውቃል? እስከ የት ድረስ «አለህ?» እያለ ይኑር?

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፊል ሃክ የሚባለው፣ ያኔ በማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲን ከሚሠሩት አንዱ የነበረው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ ጽፎበታል። መፍትሔውም ያኔውኑ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ሰው «ኢንዴክስ» የሚባል የተደበቀ ሳጥን ጨምሮ የየራሱን ቁጥር መላክ። ያን ጊዜ ባይንደሩ ስም ጠሪነቱን ትቶ በእጁ የገባውን የቁጥር ዝርዝር ይከተላል፤ መሐል ላይ ክፍተት ቢኖርም አይደነግጥም። አንዳንዱ ሰው ይህን ትቶ፣ በተሰረዘ ቁጥር የቀሩትን በጃቫስክሪፕት እንደ አዲስ ይቆጥራቸዋል። ይሠራል፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ውስጥ ያሉትን የሳጥኖች ስም፣ የስሕተት መልእክቱን፣ ሌላውንም ሁሉ አብሮ ማደስ አለ፣ አንዷ ከተረሳች ሌላ ጉድ ነው። እኔ ኢንዴክሱን መረጥኩ፤ ሁለት መስመር ኮድ ነው። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ አላለቀም፣ እመለስበታለሁ።

መቼም ጥፋቱን ለባይንደሩ ብቻ ሰጥቼ አልሸሽም። ባይንደሩ ሦስት ሰው አሳነሰ እንጂ ማንንም አልሰረዘም። የሰረዘው የእኔ ኮድ ነው። «ከፎርሙ የመጡትን ከዳታቤዙ ጋር አስተያይ፤ ያልመጣ ሁሉ ይሰረዝ» ብዬ ጽፌ ነበር። ስጽፈው ምንኛ አምሮኝ ነበር መሰላችሁ! አጭር ነው፣ ጭማሪውንም ቅነሳውንም በአንድ ያስተናግዳል። ግን አስቡት፤ ስብሰባ ያልመጣን ሁሉ ሞቷል ብሎ የሚመዘግብ እድር ማለት እኮ ነው። በዚህ ዓይነት ኮድ ላይ፣ ፎርሙ ሲከፈት ቤተሰቡን ከዳታቤዝ አብሮ ማምጣት ተረስቶ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ቢታይ፣ አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ አስተካክሎ «አስቀምጥ» ሲል ቤተሰቡ በሙሉ ያልቃል።

የእድራችን ንብረት ያዥ ከእኔ የተሻለ ሲስተም አላቸው። ሐዘን ቤት ሳህን ሲሄድ 120 ብለው ጽፈው ያስፈርማሉ፤ ሲመለስ እንደገና ይቆጥራሉ። ሲጎድል ግን «ስንት ጎደለ?» ብቻ ብለው አይተዉም፤ «የትኛው ነው የጎደለው?» ይላሉ። አበባ ያለበት ሳህን ከሆነ ከጎረቤት ሳህን ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ብርጭቆ ከሆነ ተሰብሮ ነው፤ ትልቁ ብረት ድስት ከሆነ ደግሞ ሰው ወድዶት ነው። የጎደለውን ዕቃ አይተው ያጎደለውን ያውቃሉ። እኔም ዳታ ሲጠፋብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ሆነ፦ የጠፉት እነማን ናቸው? ከመሐል ጀምሮ ሁሉም ካለቁ ክፍተት አለ። ከጭራው ብቻ ከተቆረጠ የሆነ ቦታ ጣሪያ አለ። የሚመሳሰሉት ከሆኑ የጠፉት፣ አንድ ናቸው ብሎ ያዋሐዳቸው አለ።

የጭራው ነገር ከተነሣ የትምህርት ቤቱን ላጫውታችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰዎች ናቸው። አንድ ወዳጄ በፒኤችፒ የሠራላቸው የውጤት መመዝገቢያ ነበር። ሆምሩም መምህሯ የክፍሉን ተማሪ ሁሉ በአንድ ገጽ ትከፍታለች፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ 15 የውጤት ሳጥን፤ ሞልታ ስትጨርስ አንድ ጊዜ ትልካለች። ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። በሦስተኛው ዓመት የሁለት ተማሪዎች ወላጆች ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ፤ የአንደኛዋ ልጅ ካርድ ባዶ ነው፣ የሌላው ልጅ ከ15 ውጤት አራቱ ብቻ ተሞልቷል። መምህሯ ሁሉንም እንደሞላች ትምላለች። እንደገና ትሞላለች፤ እንደገና ይጠፋል። የነዚያው የሁለቱ ልጆች!

የሁለቱም ስም የሚጀምረው በ«ፍ» ነው። ሌላ ምን ይባላል? መምህሯ በልጆቹ ላይ ጥርስ ነክሳለች ተባለ።

ስማቸው በ«ፍ» መጀመሩ ግን ቁልፉ ነበር። ዝርዝሩ በሀሁ ቅደም ተከተል ነው የተደረደረው፤ «ፈ» ደግሞ ከሀሁ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከኋላዋ «ፐ» ብቻ ናት። (ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲገባ በዚሁ በሀሁ ተራ ስለገባ፣ ኮምፒውተሩ በኮድ ቁጥር ሲደረድር እንኳ ፈዎች ጭራ ላይ ናቸው።) ወዳጄ ደውሎ ሲነግረኝ «ከጭራው ነው የተቆረጠው፤ ሳጥኖቹን ቁጠር» አልኩት። ቆጠረ። ለአንድ ተማሪ 15 ውጤትና አንድ የተደበቀ መለያ ቁጥር፣ በጠቅላላው 16። ከላይ ደግሞ ክፍል፣ ሴሚስተርና የደኅንነት ኮድ፣ ሦስት። ባለፉት ዓመታት ክፍሉ ውስጥ ከ62 ተማሪ በላይ አልነበረም፤ 62 ጊዜ 16 ሲደመር ሦስት 995 ነው። ዘንድሮ ግን ሁለት ተማሪ ተዛውሮ መጣና 64 ሆኑ። 1027።

ፒኤችፒ ውስጥ ማክስ ኢንፑት ቫርስ የሚባል ቅንብር አለ። ማንም ካልነካው 1000 ነው። ከአንድ ፎርም የሚቀበለው የሳጥን ብዛት ነው እንግዲህ። ሺሁ ሲሞላ ሎግ ላይ አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ይጽፍና የቀረውን ይጥለዋል፤ ለኮዱ «ዳታህ ይኸውልህ» ብሎ ያስረክበዋል። ከ995 በኋላ አምስት ቦታ ነበር የቀረው፤ 63ኛው ተማሪ መለያ ቁጥሩንና አራት ውጤቱን ይዞ ገባባት። 64ኛዋ ውጭ ቀረች። ተዛውረው የመጡት ሁለቱ ደግሞ በሀሁው መሐል ገብተው ስለተሰለፉ የነሱ ውጤት አንዲት ሳትጎድል ተመዝግቧል፤ ለዚህ ነው ማንም ከነሱ መምጣት ጋር ያላያያዘው።

ይህች 1000 ከየት መጣች ብትሉ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በርሊን ላይ በተደረገ የሃከሮች ጉባኤ፣ አሌክሳንደር ክሊንክና ዩልያን ቬልደ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን መድረክ ላይ ወጥተው ብዙ የድረ ገጽ ሰርቨሮችን በአንድ ፎርም ማንበርከክ እንደሚቻል አሳዩ። ዘዴው ሰርቨሩ የሳጥኖቹን ስም ሃሽ ቴብል በሚባለው መደርደሪያ ውስጥ ማስቀመጡን መጠቀም ነው። ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ እንዲገቡ ተደርገው የተመረጡ ብዙ ሺህ ስሞች ከላካችሁ፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱን አዲስ ስም ቀድመው ከገቡት ጋር ሁሉ ሲያስተያይ ይውላል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተጽፎ ነበር፤ ከቋንቋዎቹ ያኔ የሰማቸው ፐርል ነው፣ ብዙው ተኝቷል። ከበርሊኑ በኋላ ግን ማይክሮሶፍት ዓመቱ ሳይወጣ፣ ታኅሣሥ 29፣ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ፤ ፒኤችፒ በ2012 ጥር ላይ 5.3.9 በተባለው እትሙ ተከተለ። የሁለቱም ጣሪያ አንድ ሺህ ነበር። ልዩነታቸው ይግረማችሁ፦ የማይክሮሶፍቱ ሺሁ ሲታለፍ ፎርሙን በሙሉ በስሕተት ይመልሰዋል፤ ፒኤችፒ ግን የተረፈውን ጥሎ ይቀጥላል። እኔ ጮሆ የሚወድቀውን እመርጣለሁ። መምህሯ በመጀመሪያው ቀን ቀይ ጽሑፍ ብታይ ኖሮ ደውላ ትጠይቅ ነበር፤ ሐሜቱም አይመጣም።

ወዳጄ ጣሪያውን ወደ 5000 ከፍ አደረገው። ይበቃል፣ ግን ሰርቨር በተቀየረ ቁጥር የሚረሳ ነገር ነው፤ ቅንብሩ ደግሞ ከኮዱ ውስጥ ሆነው የሚቀይሩት አይደለም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ዘዴ አስጨመርኩት፦ ከፎርሙ መጨረሻ፣ ከሁሉም ሳጥን በኋላ፣ «ጭራ» የምትባል የተደበቀች ሳጥን። ሰርቨሩ ምንም ከማስቀመጡ በፊት «ጭራዋ መጥታለች?» ይላል። ካልመጣች ከኋላ የተቆረጠ አለ ማለት ነው፤ ሁሉንም መልሶ «እንደገና ይላኩ» ይላል። በሰልፍ መጨረሻ ባንዲራ የያዘ ልጅ እንደማቆም ነው።

አሁን ደግሞ እኛን፣ በአማርኛ የምንጽፈውን፣ ለይቶ የሚነካ ላንሣ። ከሰርቨሩ ወደ ብራውዘሩ በሚመጣው በኩል ነው። ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ ግሩፕ ኮንካት የሚባል ነገር አለ፤ የብዙ መስመር ስሞችን በኮማ አያይዞ በአንድ ሳጥን ይመልስላችኋል። ለአባላት ዝርዝር ምቹ ነው፣ እኔም ወድጄው ነበር። ግን ማንም ካልቀየረው 1024 ባይት ላይ ይቆርጣል፤ ማስጠንቀቂያውም ካልጠየቃችሁት አይታይም። ለእንግሊዝኛ ስም 1024 ባይት 1024 ፊደል ነው። የእኛ አንዷ ፊደል ግን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ትይዛለች። 1024 ለሦስት ሲካፈል 341 ፊደል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሙከራ ስሞች ፏ ብሎ ያለፈው ገጽ፣ እውነተኛዎቹ የአማርኛ ስሞች ሲገቡ ከሲሶው ላይ ይቆረጣል። ከአያት ስም ጋር የተጻፈ ስም ባዶ ቦታውን ሳይጨምር አሥር አሥራ ሁለት ፊደል ነው፤ ሠላሳ ሰው ገደማ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሙከራዬን በአማርኛ ነው የማደርገው፤ ያውም ረጃጅሙን ስም እየመረጥኩ፤ «ገብረ»ና «ወልደ» ያለበትን።

ስለሚመሳሰሉት የነገርኳችሁ ደግሞ እዚያው እድር ውስጥ ነው የደረሰው። መንታ ተወለደ፤ አባትየው ደስ ብሏቸው ሁለቱን በአንድ ቀን አስመዘገቡ፤ አንዱ ብቻ ገባ። ጸሐፊው እንደገና ደወሉ። ይህችኛዋ ከባይንደሩ ጋር አትገናኝም። ድግግሞሽ እንዳይኖር ብዬ የመጣውን ሊስት ሃሽ ሴት ወደሚባለው ስብስብ እቀይረው ነበር፤ ሃሽ ሴት እኩል ናቸው ያላቸውን ሁለቴ አያስገባም። እኩል መሆናቸውን የሚለየው ደግሞ፣ እኔው እንዳዘዝኩት፣ በመለያ ቁጥራቸው ነው። አዲስ ሰው ዳታቤዝ እስኪገባ ድረስ መለያ ቁጥር የለውም፤ ዜሮ ነው። ሁለቱም መንታዎች ዜሮ። «ይሄማ ገብቷል» ብሎ ታናሽየውን መለሰው። ለወራት ያልታየው፣ አዲስ ሰው ሁልጊዜ አንድ አንድ እያለ ይመዘገብ ስለነበር ነው።

የዚህች ዘመድ የሆነች ሌላ አለች። ጃቫስክሪፕት ሙሉ ቁጥርን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9007199254740991 ድረስ ነው። መለያ ቁጥራችሁ ከዚያ ካለፈ፣ ለምሳሌ በ3 የሚያልቀው በ2 ከሚያልቀው ጎረቤቱ ጋር አንድ ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ በመለያ ቁጥር ስታስቀምጧቸው አንዱ ሌላውን ይደፍቀዋል። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2010 የመለያ ቁጥሮቹን አሠራር ሲቀይር ቁጥሩን በጽሑፍ መልክም አብሮ መላክ የጀመረው ለዚሁ ነው። የፋይዳ መታወቂያ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር በሰላም ያልፋል፤ የእናንተ ሲስተም ራሱ የሚያወጣው ባለ 18 አሃዝ ግን አያልፍም።

ሌሎቹን በሩጫ ልለፍ። ምልክት ያልተደረገበት ቼክ ቦክስ «አይ» ብሎ አይላክም፤ ጭራሽ አይላክም። ስሞቹን በአንድ ሊስት፣ ቼክ ቦክሶቹን በሌላ ሊስት ከላካችሁ ስድስት ስምና አራት ምልክት ይደርሳል፤ የአንዱ ምልክት ለሌላው ይሰጣል። እንዳይነካ ተብሎ የተዘጋ ሳጥንም አይላክም፤ «ይነበብ እንጂ አይጻፍበት» የተባለው ግን ይላካል። ማፕ ወይም ሴት የሚባሉትን የጃቫስክሪፕት ስብስቦች እንዳሉ ወደ ጄሰን ብትቀይሯቸው ባዶ ቅንፍ ነው የሚወጣው። ይህችን ስንቱ ጎበዝ ሌሊቱን ሙሉ ታግሏታል!

ገጽ በገጽ የሚመጣ ዝርዝር ላይ ግን ትንሽ ልቁም፣ ብዙ ሰው ይሸወድበታልና። የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ተራ አስከባሪው መጀመሪያ 20 ሰው ይቆጥራል፤ ቀጥሎ «ከፊት 20 ዝለልና የሚቀጥለውን 20 አምጣ» ይባላል። በመሐል ከፊተኞቹ አንዱ ሰልፉን ትቶ ከሄደ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ 21ኛ የነበረው 20ኛ ይሆናል። ተራ አስከባሪው 20 ሲዘል እሱንም ይዘለዋል። በመጀመሪያው ዙር አልተቆጠረም፣ በሁለተኛውም አልተቆጠረም፤ ቆሞ እያለ የለም። ዳታቤዝም እንዲሁ ነው። ይህ ጥፋት ደግሞ እናንተ ስትሞክሩት አይደገምም፤ ጠረጴዛው ላይ ብቻችሁን ስለሆናችሁ ከሰልፉ የሚወጣ የለም። «ከዚህ መለያ ቁጥር በኋላ ያሉትን 20 ስጠኝ» ካላችሁት ግን ጥፋቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ሙሽራዋ ልመለስ፤ ታናናሾቿን ወደ መዝገቡ ስንመልስ እሷም አብራ ተመልሳ ነበርና።

መንታዎቹ ከገቡ በኋላ ሁለት ነገር አሻሽዬ ነበር። አንደኛው ከንብረት ያዡ የተማርኩት ነው፤ «አስቀምጥ» ሲባል ከሥር «6 ሰው ተልኳል፣ 6 ሰው ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ሁለተኛው ያ «ያልመጣ ሁሉ ይሰረዝ» የሚለውን ኮድ ማውጣት ነው፤ በቦታው «ይሰረዝ የሚል ምልክት የመጣበት ብቻ ይሰረዝ» አልኩ። ኮርቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ እሑድ፣ ቡናው እንደገና እየተቆላ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ዛሬ ደግሞ በዝቶብኛል» አሉኝ ጸሐፊው። «ስድስት ተልኳል፣ ሰባት ተመዝግቧል ይላል።»

«ሰባተኛው ማን ነው ጋሼ?»

«ሙሽራዋ ናት። ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ከባሏ ተጣልታ ይሆን?»

ስልኩን እንደያዝኩ ገባኝ። «ሰርዝ» የምትለዋ ቁልፍ አሁንም መስመሩን ከነሳጥኖቹ ከገጹ ላይ ታነሳዋለች። ገጹ ላይ የሌለ ሳጥን ደግሞ አይላክም። ታዲያ «ይሰረዝ» የሚለውን ምልክት ማን ተሸክሞት ይሂድ? ማታውን ቁልፏን ቀየርኳት፤ መስመሩን ታነሳ የነበረችው ከዓይን ብቻ ትሰውረዋለች፣ «ይሰረዝ» የሚለውን የተደበቀ ሳጥን ትሞላለች፤ መስመሩ ከነቁጥሩ ገጹ ላይ ይቆያል፤ ቆጠራው ግን ይሰረዝ የተባለውን አይጨምርም። ጨርሼ ሳየው፣ መስመር ካልተነሣ ቁጥሩ ላይ ክፍተት የለም፤ ክፍተት ከሌለ ያ በኩራት የጨመርኩት ኢንዴክስም አያስፈልግም ነበር። አወጣሁት።

ጸሐፊው ሰኞ ጠዋት ሞከሩት። ብራቮ የሚል ነገር እጠብቅ ነበር። «ስድስት ተልኳል፣ ስድስት ተመዝግቧል» ብለው አነበቡልኝና፣ «ቆይ» አሉ። በስልኩ ውስጥ የወረቀት መገለጥ ይሰማኛል። በደብተራቸው እየቆጠሩ ነው።